ሚልተን ፍሪድማንና የመንግሥት ድርሻ፦ ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ሚልተን ፍሪድማን «መንግሥት እጁን ከኢኮኖሚው ያውጣ» የሚል ሰው ነበር ሲባል እሰማለሁ። በሌላ በኩል የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች ከእርሱ ብዙ ተምረዋል ይባላል፤ ማዕከላዊ ባንክ ደግሞ የመንግሥት ተቋም ነው። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ሕይወቱንና ሐሳቡን ቢያስረዱኝ፤ በቺሊ ወታደራዊ መንግሥት ዘንድ ነበረው ስለሚባለው ሚናም ቢጨምሩልኝ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉስ የእርሱ ሐሳብ ነውን?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ያነሡት ብዙ ሰው ልብ ሳይለው የሚያልፈውን ነጥብ ነው። የፍሪድማን ወዳጆችም ነቃፊዎቹም ሰውየው የመንግሥት ባላጋራ ነበር በሚለው ይስማማሉ፤ የገንዘብና የባንክ ኢኮኖሚክስን ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼም ይህንኑ ይዘው ይመጡ ነበር። ሥራዎቹን በቅደም ተከተል ላነበበ ግን የሚታየው ከዚህ ይለያል። ፍሪድማን ዕድሜ ልኩን የታገለው ባለሥልጣን እንደየሁኔታው፣ በራሱ ግምትና ፈቃድ የሰውን ኑሮ የሚነካ ውሳኔ የሚሰጥበትን አሠራር ነው። በዚያ ምትክ አስቀድሞ የታወቀ፣ ማንም የሚተነብየው ደንብ እንዲቀመጥ ፈለገ፤ ደንቡን የሚያወጣውና የሚያስከብረው መንግሥት መሆኑን ግን አልካደም። ይህን ከያዝን ያስተዋሉት ተቃርኖ በአብዛኛው ይፈታል። የማይፈታውን ክፍል ቺሊ ላይ ስንደርስ አነሣዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሪድማን ጁላይ 31 ቀን 1912 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን በሚባለው ክፍል ተወለደ። ወላጆቹ በዚያ ዘመን በሃንጋሪ ሥር ከነበረችው፣ ዛሬ በዩክሬን ከምትገኘው ከቤሬሆቬ ከተማ የፈለሱ አይሁዳውያን ነበሩ። ቤተሰቡ ብዙም ሳይቆይ በኒው ጀርሲ ወደምትገኘው ራዌይ ከተማ ተዛወረ፤ እናቱ በዚያ አነስተኛ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ታስተዳድር ነበር። ልጁ ገና 15 ዓመቱ ሳለ አባቱ ሞተ። በውድድር ባገኘው የነፃ ትምህርት ዕድል ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሐሳቡ የኢንሹራንስ ሒሳብ ባለሙያ መሆን ነበር። በ1932 በተመረቀበት ጊዜ ግን አገሩ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት መካከል ነበረች፤ ፋብሪካው፣ እርሻውና ሠራተኛው ሁሉ በቦታው እያለ ሚሊዮኖች ለምን ሥራ ፈቱ የሚለው ጥያቄ ወደ ኢኮኖሚክስ ሳበው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ በጄኮብ ቫይነር የዋጋ ንድፈ ሐሳብ ክፍል፣ ተማሪዎች በቤተሰብ ስማቸው የፊደል ተራ ይቀመጡ ስለነበር ሮዝ ዳይሬክተር ከምትባል ተማሪ አጠገብ ተቀመጠ። በ1938 ተጋቡ። እርሷም ኢኮኖሚስት ነበረች፤ በርከት ያሉት መጻሕፍቱ ያለ እርሷ እጅ አልተጻፉም።

ቀጥለው የመጡት ዓመታት ለጥያቄዎ ብዙ ይናገራሉ። ከ1935 ጀምሮ ዋሽንግተን ውስጥ በመንግሥት ተቀጥሮ የቤተሰቦችን ወጪ ያጠና ነበር። ከዚያም በኢኮኖሚስቱ ሳይመን ኩዝኔትስ ሥር ሆኖ የሐኪሞችን፣ የጠበቆችንና የመሰል ባለሙያዎችን ገቢ ሲመረምር፣ የሐኪሞች ማኅበር ወደ ሙያው የሚገቡትን በማጥበቡ ገቢያቸው ከፍ ብሏል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ፤ ለሙያ ፈቃድ የነበረው ጥርጣሬ ከዚህ ጥናት የተወለደ ነው። ከ1941 እስከ 1943 ደግሞ በአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ ሲሠራ፣ የገቢ ግብር ደመወዝ ሲከፈል ከላዩ ተቆርጦ ገቢ የሚሆንበትን ሥርዓት ከነደፉት አንዱ ሆነ። አሜሪካ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወጪዋን የሸፈነችው በከፊል በዚህ ዘዴ ነው። ዛሬ ማንም ደመወዝተኛ የሚያውቀውን ይህን አሠራር ለመንግሥት ካመቻቹት መካከል የነፃ ገበያ አቀንቃኙ መኖሩ ፈገግ ያሰኛል፤ ሮዝም በዚህ ትወቅሰው እንደነበር ራሱ ጽፏል።

በ1946 የዶክትሬት ዲግሪውን ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አግኝቶ ወደ ቺካጎ ተመለሰና እስከ 1976 ድረስ በዚያ አስተማረ። ከምሁራዊ ሥራዎቹ እርሱ ራሱ አብልጦ ይወደው የነበረው በ1957 ያሳተመው የፍጆታ ንድፈ ሐሳብ ነው። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ጆን ሜይናርድ ኬንዝ የሰው ወጪ በዕለቱ ገቢው ላይ ይመሠረታል ብሎ ነበር። ፍሪድማን ግን ሰው የሚያወጣው ለረጅም ጊዜ አገኛለሁ ብሎ በሚጠብቀው ገቢ ልክ ነው አለ። ገበሬ በጥር ጎተራው ስለሞላ ብቻ በየቀኑ አይደግስም፤ ክረምቱን፣ ዘሩንና መጥፎውን ዓመት አስቦ ይመገባል። ከዚህ የሚከተለው ትልቅ ነገር ነው፤ መንግሥት ለአንድ ዓመት ብቻ ግብር ቢቀንስ ወይም ገንዘብ ቢያድል፣ ሕዝቡ አብዛኛውን ስለሚያስቀምጠው ኢኮኖሚውን የማነሣሣት ኃይሉ ከሚገመተው ያነሰ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1963 ፍሪድማን ከኢኮኖሚስቷ አና ሽዋርትዝ ጋር ሆኖ ከ1867 እስከ 1960 ያለውን የአሜሪካ የገንዘብ ታሪክ የሚተርክ ግዙፍ መጽሐፍ አወጣ። ሁለቱ ሥራውን የጀመሩት በ1940ዎቹ መጨረሻ ነበር። አሃዞቹን ከየባንኩ መዝገብ አንድ በአንድ በመልቀም ረገድ የሽዋርትዝ ድካም የሚያስገርም ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሠራች ሴት የዶክትሬት ዲግሪዋን ያገኘችው መጽሐፉ ከታተመ በኋላ፣ በ1964፣ መሆኑን ስናይ ዘመኑ ለሴት ምሁራን እንዴት ያለ እንደነበር እንረዳለን። የመጽሐፉ እምብርት ስለ ታላቁ ውድቀት የሚናገረው ምዕራፍ ነው። እስከዚያ ድረስ በሰፊው የሚታመነው፣ ነፃ ገበያው በራሱ ተንኮታኮተ፣ ማዕከላዊ ባንኩም የሚችለውን ቢያደርግም ገንዘብ አቅም አልነበረውም የሚል ነበር። ሁለቱ ጸሐፊዎች ግን ከ1929 እስከ 1933 በአሜሪካ የነበረው የገንዘብ መጠን በአንድ ሦስተኛ ገደማ መቀነሱን አሳዩ።

ገንዘብ እንዴት ይህን ያህል ይጠፋል? የሚዘዋወረው ገንዘብ በአብዛኛው በባንክ ያለ ተቀማጭ እንጂ የወረቀት ኖት አይደለም። አንድ ባንክ 100 ብር ተቀማጭ ቢኖረው 10 ብሩን በካዝና ይዞ 90ውን ያበድራል እንበል። አስቀማጮች ደንግጠው 5 ብር በጥሬው ቢያወጡ ባንኩ የመጠባበቂያው ግማሽ ሄደበት፤ የቀረውን 5 ብር ከተቀማጩ ጋር በቀድሞው ልክ ለማመጣጠን ተቀማጩ ወደ 50 ብር መውረድ አለበት፤ ስለዚህ ብድሩን ይሰበስባል፣ ንብረት ይሸጣል። ሁሉም ባንኮች በአንድ ጊዜ ይህን ሲያደርጉ የንብረት ዋጋ ይወድቃል፤ ጤነኛ የነበረው ባንክም ይከስራል። በዲሴምበር 1930 በኒው ዮርክ የነበረውና ብዙ ስደተኞች ገንዘባቸውን ያስቀመጡበት ባንክ ኦፍ ዩናይትድ ስቴትስ ሲዘጋ ድንጋጤው ባሰ። ስሙ የመንግሥት ባንክ ቢያስመስለውም ተራ የንግድ ባንክ ነበር። ከ1930 እስከ 1933 ከ9,000 በላይ ባንኮች ሥራ አቆሙ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ የተቋቋመው እንዲህ ባለው ቀን ለባንኮች ገንዘብ እንዲያቀርብ ነበር፤ ነገር ግን ዳር ቆሞ ተመለከተ። ብሪታንያ በሴፕቴምበር 1931 ከወርቅ መለኪያ፣ ገንዘብ በተወሰነ ልክ በወርቅ ከሚመነዘርበት ሥርዓት፣ ስትወጣ ደግሞ የዶላርን ወርቅ ለመጠበቅ ሲል በዚያ ጭንቅ መሐል ወለዱን ከ1.5 ወደ 3.5 በመቶ ከፍ አደረገ።

እዚህ ላይ ክሱን በጥሞና ይመልከቱት። ፍሪድማን ማዕከላዊ ባንኩን የከሰሰው ማድረግ የሚገባውን ባለማድረጉ ነው፤ «መንግሥት እጁን ያውጣ» ከሚል ሰው የማይጠበቅ ክስ ነው። ከዚህ ጥፋት ተነሥቶ ደንብ ያስፈልጋል ወደሚል ሐሳብ የደረሰበትም መንገድ ከዚህ ይጀምራል። በኒው ዮርኩ የፌዴራል ሪዘርቭ ቅርንጫፍ የነበረው ብርቱ መሪ ቤንጃሚን ስትሮንግ በ1928 ባይሞት ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር ብለው ጸሐፊዎቹ ያምኑ ነበር። የአንድ አገር ዕጣ በአንድ ሰው መኖርና አለመኖር የሚወሰን ከሆነ፣ አለ ፍሪድማን፣ ጉድለቱ ከሥርዓቱ ነው። መድኃኒቱም የገንዘብ መጠን በየዓመቱ በታወቀ ልክ፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ ባለው ክልል፣ እንዲያድግ የሚያስገድድ ደንብ ማውጣት ነው።

የዋጋ ንረት ሁልጊዜም በየትም ቦታ የገንዘብ ክስተት ነው የሚለውን ዝነኛ አነጋገሩን በዚያው በ1963 በሕንድ፣ ቦምቤይ ላይ ባደረገው ንግግር አሰምቷል። ብዙ ጊዜ በስሕተት ይጠቀሳል። የጤፍ ዋጋ በድርቅ፣ የቤንዚን ዋጋ በጦርነት ምክንያት አይወደድም ማለቱ አይደለም። የሁሉም ዕቃ ዋጋ ተያይዞ፣ ዓመት ከዓመት እየጨመረ የሚሄደው ግን የገንዘቡ መጠን ከምርቱ ፈጥኖ ሲያድግ ብቻ ነው ማለቱ ነው። ነጋዴው ስግብግብ ስለሆነ ነው የሚለው ማብራሪያ አያረካውም ነበር፤ ስግብግብነት ዘንድሮ የመጣ አይደለምና።

በዲሴምበር 1967 የአሜሪካ የኢኮኖሚክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ያደረገው ንግግር በእኔ ግምት ከሁሉም የላቀ ሥራው ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ኢኮኖሚስቶች ትንሽ የዋጋ ንረት የታገሠ መንግሥት ሥራ አጥነትን በዘላቂነት ሊቀንስ ይችላል ብለው ያምኑ ነበር። ፍሪድማን ይህ የሚሠራው ሰው እስኪነቃ ድረስ ብቻ ነው አለ። ዋጋ ሳይጠበቅ ሲጨምር አሠሪው ትርፍ አገኘሁ ብሎ ይቀጥራል፣ ሠራተኛውም ደመወዙ የጨመረለት መስሎት ይገባል፤ ወር ጠብቆ ገበያ ሲወጣ ግን ደመወዙ የሚገዛለት ያው እንደሆነ ያያል። በሚቀጥለው ድርድር የሚጠበቀውን ንረት አስቀድሞ ደምሮ ይጠይቃል፤ ሥራ አጥነቱ ወደ ተፈጥሯዊ መጠኑ፣ የንረት ማታለያ በሌለበት ወደሚኖረው ልክ፣ ይመለሳል፣ ንረቱ ግን እዚያው ይቀራል። ሌላው ኢኮኖሚስት ኤድመንድ ፌልፕስም ለብቻው ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ንግግሩ ሲደረግ ይህን የሚያረጋግጥ አሃዝ ገና አልነበረም። በ1975 አሜሪካ 9 በመቶ በሚሆን የዋጋ ንረትና 8.5 በመቶ በሆነ ሥራ አጥነት በአንድ ጊዜ ስትመታ፣ ነገሩ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር የሚል ሁሉ ወደዚያ ንግግር ተመለሰ። በኢኮኖሚክስ እንዲህ በጊዜው የደረሰ ትንበያ እምብዛም አይገኝም።

ሆኖም የገንዘብ ደንቡ ራሱ በተግባር ሲፈተን አልጸናም፤ ይህን መሸሸግ ተገቢ አይሆንም። ፌዴራል ሪዘርቭ በፖል ቮልከር መሪነት ከኦክቶበር 1979 ጀምሮ የገንዘብን መጠን ዒላማ አደረገ። በ1980 በአማካይ 13.5 በመቶ የነበረው ንረት በ1983 ወደ 3.2 በመቶ ወረደ፤ ለዚህ የተከፈለው ግን በ1982 መጨረሻ 10.8 በመቶ የደረሰ ሥራ አጥነት ነበር። በዚያው ጊዜ ባንኮች ወለድ የሚከፍሉ አዳዲስ የሒሳብ ዓይነቶች ሲያወጡና ሰው ገንዘቡን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዛውር፣ በገንዘብ መጠንና በዋጋ መካከል የነበረው ግንኙነት ተናጋ። የትኛው ተቀማጭ «ገንዘብ» ነው የሚለው ራሱ አከራካሪ ሆነ። ማዕከላዊ ባንኮች ተራ በተራ ወደ ወለድ ተመን ዞሩ። ፍሪድማንም በ2003 ለአንድ የለንደን ጋዜጣ በሰጠው ቃለ መጠይቅ የገንዘብ መጠንን ዒላማ ማድረግ እንዳልተሳካና እንደ ቀድሞው አጥብቆ እንደማይገፋበት ተናግሯል። በ90 ዓመቱ ይህን ማለቱን አከብርለታለሁ። ያለፈው ዘመን ንባቡ ግን ተቀባይነት አግኝቷል፤ በኖቬምበር 2002 ልደቱን ለማክበር በቺካጎ በተደረገ ስብሰባ ላይ፣ በዚያን ጊዜ የፌዴራል ሪዘርቭ ቦርድ አባል የነበረው ቤን በርናንኪ ስለ ታላቁ ውድቀት ጥፋቱ የእኛ ነበር፣ ይቅርታ፣ ዳግም አናደርገውም የሚል ይዘት ያለው ንግግር አድርጎለታል። በ2008 ቀውስ ሲመጣ ያው በርናንኪ ሊቀ መንበር ነበር፤ ባንኮችን በገንዘብ አጥለቀለቀ። ባለደንቡ ፍሪድማን በሕይወት ቢቆይ ይህን ያህል ሰፊ የባለሥልጣን ውሳኔ ይወድደው ነበርን? አና ሽዋርትዝ በሕይወት ነበረችና አልወደደችውም።

ስለ ሌሎቹ ሐሳቦቹ ባጭሩ ልለፍ። በ1962 ባሳተመው «ካፒታሊዝምና ነፃነት» እና ከዚያ በፊት በጻፋቸው ጽሑፎች ውስጥ፣ መንግሥት ለትምህርት ይክፈል፣ ትምህርት ቤቱን ግን ወላጅ በቫውቸር፣ መንግሥት በሚሰጠው የትምህርት ክፍያ ወረቀት፣ ይምረጥ ብሏል፤ በብዙ ዓይነት ድጎማ ፈንታ ገቢያቸው ከተወሰነ ልክ በታች ለሆነ ሰዎች ግብር ሰብሳቢው ራሱ ጥሬ ገንዘብ የሚከፍልበትን ተገላቢጦሽ የገቢ ግብር አቅርቧል። ሁለቱም የመንግሥትን ገንዘብ እንደያዙ የባለሥልጣኑን ምርጫ የሚያስቀሩ ናቸው። የግዳጅ ውትድርና እንዲቀር የመከረው ኮሚሽን አባል ነበር፤ አሜሪካ በ1973 አስቀርታዋለች። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን መቃወሙ ግን ከብዙዎች አጋጭቶታል፤ በዚህ ላይ እኔም ማስረጃው እርሱ ይል የነበረውን ያህል ቁርጥ ያለ ሆኖ አላገኘሁትም።

አሁን ቺሊ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአሜሪካ የእርዳታ ገንዘብ፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲና በሳንቲያጎ ያለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በተፈራረሙት ስምምነት፣ የቺሊ ተማሪዎች ቺካጎ መጥተው ይማሩ ነበር። ቅርበታቸው ከፍሪድማን ይልቅ ከሌላው የቺካጎ መምህር ከአርኖልድ ሃርበርገር ጋር ነበር። ጄኔራል ፒኖቼ በ1973 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ እነዚህ ምሩቃን ኢኮኖሚውን ተረከቡ። ፍሪድማን በማርች 1975 ለስድስት ቀናት ሄዶ ትምህርት ሰጠ፣ ከፒኖቼ ጋር አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያልሞላ ውይይት አደረገ፤ በኋላም ንረቱን በአንድ ጊዜ ለመስበር የመንግሥት ወጪና የገንዘብ ኅትመት በፍጥነት እንዲቀነስ የሚመክር ደብዳቤ ላከ። ንረቱ ያን ጊዜ በዓመት ከ300 በመቶ በላይ ነበር። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ምርት 13 በመቶ ገደማ ወደቀ። በ1976 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል በስቶክሆልም ሰልፍ ወጣበት፤ በአዳራሹ ውስጥም አንድ ተቃዋሚ ጮኸበት።

የመንግሥቱ አማካሪ ነበር ማለት ማጋነን ነው፤ ደመወዝተኛም ሹመኛም አልነበረም። እርሱ ራሱን የተከላከለው ወረርሽኝ ለማቆም ለመንግሥት ምክር ከሚሰጥ ሐኪም ጋር በማመሳሰል ነው። ይህ መልስ ለእኔ ግማሽ መልስ ነው። ሐኪሙ የሚያዘው መድኃኒት ማን እንደሚውጠው አይመርጥም፤ የወጪ ቅነሳ ሸክም ግን በማን ላይ እንደሚያርፍ የሚወሰነው በፖለቲካ ነው፤ ሠራተኛው የማይደራጅበት፣ ተቃዋሚው የሚታሠርበትና የሚገደልበት አገር ደግሞ ያንን ውሳኔ ከሁሉ በላይ ቁጥጥር የሌለው ባለሥልጣን ያደርገዋል። ባለሥልጣን በደንብ ይታሠር ብሎ ሲሰብክ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በሌላ በኩል፣ በ1982 ቺሊን ያንኮታኮተው ቀውስ በእርሱ ምክር የመጣ አይደለም፤ አገሪቱ ከ1979 ጀምሮ ፔሶን በ39 ፔሶ ለአንድ ዶላር ቸንክራው ነበርና፣ እንዲህ ያለውን ቁርኝት ፍሪድማን ከዱሮም የሚነቅፈው ነው።

ይህም ወደ ብር ጥያቄዎ ያደርሰናል። በ1950 የማርሻል ዕቅድን፣ አሜሪካ ከጦርነቱ በኋላ ለአውሮፓ የሰጠችውን እርዳታ፣ ለሚያስፈጽም የአሜሪካ መሥሪያ ቤት በፓሪስ ሲያማክር ያረቀቀውና በ1953 የታተመው ጽሑፉ፣ ተንሳፋፊ፣ ማለትም በገበያ የሚወሰን፣ የምንዛሪ ተመንን የሚደግፍ ነው። ምሳሌውም ሰዓት ነው፦ በበጋ ሁሉም ሰው ልማዱን አንድ ሰዓት ወደፊት ከሚያመጣ፣ ሰዓቱን አንድ ጊዜ ማዞር ይቀላል፤ እንደዚሁም በአገር ውስጥ ያለውን ዋጋና ደመወዝ ሁሉ ከመለወጥ አንዱን ዋጋ፣ ምንዛሪውን፣ መልቀቅ ይሻላል። በውጭ የሚኖሩ አንባቢዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ምሳሌው ይገባቸዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ የሐሳቡ የዘር ሐረግ እስከዚያ ጽሑፍ ድረስ ይመዘዛል ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን አብረው ይመልከቱ። ፍሪድማን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስለ ገንዘብና ልማት በሰጠው ትምህርት፣ ለአብዛኞቹ ታዳጊ አገሮች የሚሻለው የገንዘብ ኅትመት ገቢን ጭራሹኑ ትተው ገንዘባቸውን ከአንድ ትልቅና የተረጋጋ አገር ገንዘብ ጋር ማዋሐድ ነው ብሎ ነበር፤ መንሳፈፉን ለሁሉም አልሰበከም። ከሁሉ የከፋ ያለው መካከለኛውን፣ ማዕከላዊ ባንክ በየጊዜው በራሱ ግምት እያስተካከለ የሚያቆየውን ተመን ነው፤ ብር ለዓመታት በጥቂት በጥቂቱ እንዲዳከም ሲደረግ የኖረው በዚሁ አሠራር ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ ብሔራዊ ባንኩ በዚያው የሐምሌ ወር የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ፣ ለሌሎች ወለዶች መነሻ የሚሆን ተመን፣ አውጥቶ፣ ለረጅም ጊዜ ይመራበት የነበረውን የገንዘብ መጠንን የማነጣጠር ሥርዓት መተው ጀመረ። ይኸውም ማለት በአንድ ወር ውስጥ፣ በምንዛሪው በኩል ወደ ፍሪድማን ቀርቦ፣ በገንዘብ ፖሊሲው በኩል ፍሪድማን ስሙን ካስጠራበት ሐሳብ ራቀ።